ክር የሌለው ቋጠሮ

በአንድ ያረጀ ፎቅ ሦስተኛ ወለል ላይ፣ በጠባብ ኮሪደር ግራና ቀኝ፣ አሥራ አንድ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። አሥሩ ልብስ ይሰፋሉ። አሥራ አንደኛው ልብስ እየሰፋ ሰው ይተለትላል። ሁሉም ምላጩ ይሉታል፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ቢሆንም ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ቦርጫም ደንበኛ መጥቶ «ኮቱን ትንሽ አጥብብልኝ» ካለው፣ ምላጩ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ኮቱን እኔ አጠብብልሃለሁ፤ አንተን ግን ሚስትህ ታጥብብህ» ይለዋል። የሱሪዬ አንዱ እግር አጠረ ብሎ የሚጨቃጨቅ ሲመጣ ደግሞ «እኔ የሰፋሁት ሱሪውን ነው፤ እግርህን የሰፋውን ሄደህ ጠይቅ» ይላል። የሚገርመው ማንም አይቀየምም። እንዲያውም ሳይሰደብ የወጣ ደንበኛ ዕቃ የረሳ ይመስለውና በሩ ላይ ቆም ይላል።

ምስጢሩ ሳቁ ነበር። ምላጩ ሰው ሲሰድብ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ሳቁ ከሆዱ ይነሣል፣ ትከሻውን ይንጠዋል፣ በአፉ ሲወጣ የልብስ መሞከሪያው መስታወት ይርገበገባል። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ዛሬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ሕፃን ሳለች ጭኑ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ሆዱ ላይ ትለጥፍና፣ ሳቁ አፉ ጋ ሳይደርስ «መጣ! መጣ!» እያለች ታውጅ ነበር። አባቷ የሚስቅበት ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ የማይስቅበት ሰው አንድ ችግር አለበት። ልጅቷ ያደገችው በዚህ ሕግ ነው፤ ሕጉም ብዙ ጊዜ ስቶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከአፍንጫው ነው።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያውቅበት የቆየ ዘዴ አለ። ከጨርቁ ጫፍ ክር መዝዞ በክብሪት ያቃጥልና ያሸታል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር፣ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት፣ የፋብሪካ ቅልቅል ከሆነ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። በዚያ ኮሪደር የምላጩ አፍንጫ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነበር፤ ይግባኝ አይባልበትም። አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣና «ንጹሕ ሱፍ ነው ብለው ሰጡኝ፤ እውነት ነው?» አለው። ምላጩ ክሩን አቃጠለና አሸተተ። ምንም የለም። እንደገና አቃጠለና አፍንጫው ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረውም። አሁንም ምንም የለም። «አላወቅሁም» ማለት ግን ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ስለሆነ፣ «ንጹሕ ሱፍ!» ብሎ ዳኛው ላይ ፈረደ።

በሳምንቱ፣ በግማሽ የተሰፋውን ኮት በጋለ ካውያ እየተኮሰ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ከአንድ ደንበኛ ጋር ይቀልዳል። ንጹሕ ሱፍ የተባለው ጨርቅ ከካውያው ሥር እንደ ሻማ ይቀልጣል። ሽታው ከጭሱ ቀድሞ ኮሪደሩን ሲሞላው ልብስ ሰፊዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ምላጩ «ምን ሆናችሁ ነው የምትሯሯጡት? እሳት ተነሣ እንዴ?» አላቸው። እየሮጠ ገብቶ የካውያውን ሶኬት የነቀለው ፊት ለፊቱ የሚሠራው ሚሊሜትር የሚባለው ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱን በኋላ በደንብ እናገኘዋለን። ምላጩ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ። ያ ጉንፋን አራት ዓመት ቆየ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ምላጩን ይወስድ የጀመረው ነገር ግን ሳቁን ራሱን ነው የወሰደው፤ ለዚህ ነው ማንም ያላወቀበት። ቀስ ብሎ የእጅ ጽሑፉ አነሰ። የደንበኛ ልክ በሚጽፍበት ደብተር ላይ «ትከሻ» ብሎ በትልቁ ይጀምርና ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ፊደሉ ቅጫም ያክላል። ከዚያ ድምፁ ወረደ። ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ ድምፅ ሲወርድ ዝም ብላ አታልፍም።

«ምን አልክ?»

«ሻይ ስጪኝ ነው ያልኩት።»

«ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የምታወራው? ስትሰድበኝ ነው ወይስ ስትለምነኝ?»

«ጆሮሽ ሄዷል ሴትዮ።»

«የእኔ ጆሮ! ሠላሳ ዓመት ባሕር ማዶ ያለ ሰው ስሰማ የኖርኩ ሴት፣ ሶፋ ማዶ ያለ ባሌን መስማት ያቅተኛል?»

ተናዳ ሄዳ ጆሮዋን አስመረመረች። ጆሮዋ የልጃገረድ ጆሮ ነው ተባለ። ወረቀቱን አምጥታ አፍንጫው ሥር ብትይዝለት «ሐኪሙም አንቺ የምትዪውን አልሰማ ይሆናል» አላት። ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ ፊቱ ግን አብሮ አልቀለደም። እሷም በዚያ ነው የተቀየመችው።

አዎ፣ የመጨረሻው ፊቱ ነው። ፊቱ ሥራ አቆመ። የሚያናድደው፣ ሰው ሁሉ ይህን መውደዱ ነው።

የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ሃያ ዓመት ሙሉ ምላጩን ሰብሳቢ ለማድረግ አስቦ አያውቅም፤ እሱ ያለበት ስብሰባ በሳቅ ይበተናል። በዚያ ዓመት ግን ሁለት ልብስ ሰፊዎች በኮሪደሩ መስኮት ሥር ባለው የሥራ ቦታ ይገባኛል ተጣልተው ማኅበሩ ፊት ቀረቡ። አንዱ ጮኸ፣ ሌላው አለቀሰ። ምላጩ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያል። በሆዱ ሳቅ ሊገድለው ነበር፤ ምክንያቱም የሚያለቅሰው ልብስ ሰፊ የገዛ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ መጥቷል። ፊቱ ላይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ሁለቱ ሰዎች ያንን ድንጋይ ፊት አይተው ፈሩና በገዛ እጃቸው ታረቁ። «ዕድሜ እንዴት ጨዋ ያደርጋል!» ተባለ፤ በወሩ ሰብሳቢ አደረጉት። አንዳንዱ ሹመት በትምህርት፣ አንዳንዱም በዘመድ ይገኛል። የምላጩ ሹመት በበሽታ የተገኘ ነው።

እሱም ቢሆን አልጠረጠረም። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሸሚዝ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ሲፈጅበት እርጅና ነው አለ። አልጋ ላይ ለመገላበጥ እንደ ጀልባ መገፋት ሲያስፈልገው እርጅና ነው አለ። ይህች እርጅና የምትባል ሴት ስንት ወንጀል ይለጠፍባታል!

ታዲያ ልጅቷ እጮኛዋን ይዛ መጣች።

ሰውዬው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ፈሪ፣ ቀጭን፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ የሚጠርግ ዓይነት። ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ዓይኑ ወንበር ላይ የተሰቀለው የምላጩ ኮት ላይ አረፈ።

«ይቅርታ፣ ይሄ የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ ነው አይደል የተሰፋው?» አለ። «እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ማሽን ብቻውን የሠራው ጥርስ ሰውዬው ሲስቅ ያስታውቃል።»

ምላጩ በዚያች ቅጽበት ወደደው። ይህንን ኮት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለብሰው የቁልፍ ቀዳዳውን ያየለት ሰው አልነበረም። ልጄ ዓይን ያለው ሰው አገኘች ብሎ ልቡ ሞላ፤ ሳቁ ከሆዱ ተነሣ፤ ለሚወደው ሰው የሚሰጠውን ትልቁን ስጦታ ሊሰጠው፣ ሊሰድበው፣ አፉን ከፈተ።

«አንተ ጥርስ ትሠራለህ፣ እኔ ልብስ እሠራለሁ» አለ። «በእኛ እጅ ያለፈ ሰው የራሱ የሚባል ምን ይቀረዋል?»

ይህ ነገር የዛሬ አምስት ዓመት ቢባል ኖሮ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን የወጣው በሟሸሸ ድምፅ፣ ከድንጋይ ፊት ነው። እጮኛው የተሰደበ መሰለው። ጆሮው ቀላ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ «ልክ ነዎት» አለ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ከአንጀት ስቀው ፊት ሲገድምስ? ለዚህ የተባለ ነገር የለም።

«አባዬ አልወደደውም» አለች ልጅቷ።

«አልወደደውም ብቻ? ልጁን ፊት ነሳው እንጂ!» አለች እናቷ።

«ወድጄዋለሁ» አለ ምላጩ።

«ምን አለ?» አለች እናቷ።

«ወድጄዋለሁ ይላል፤ እዪው እስቲ ፊቱን!» አለች ልጅቷ።

«ልጄ፣ ከልቤ ነው። እንዲህ የወደድኩት ሰው የለም።» ከልቡ ነበር። ድምፁ ግን የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

ልጅቷ ቀለበቷን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሠርጉ ይቆይ» አለች። «ከዚህ በፊት ያመጣሁትን ሰውዬ አልሳቅህበትም፤ እኔ እንቢ ብዬ ቀጠልኩ፤ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ የምታየውን እኔ አላይም አባዬ። ያየህበትን እስክትነግረኝ ድረስ አላገባም።» ምላጩ ሊስቅላት ሞከረ። የሆነው ነገር ቢኖር ዓይኑን ሳያርገበግብ ረጅም ጊዜ አፈጠጠባት፤ እሷም እያለቀሰች ወጣች።

ጣጣው ይህን ያህል ነው፤ ምላጩ ካልሳቀ ልጁ አታገባም። ሁለት ቀን አሰበና መላ አገኘ። ለሠርጉ የምለብሰውን ኮት አሰፋለሁ፣ ኮቱን አይታ ታምነኛለች አለ። ልብስ ሰፊ ፍቅሩን ሲናገር ከዚህ ወዲያ የሚያውቀው መንገድ የለም።

በዚያ ኮሪደር ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ አይወስድም። ሜትሩን ለማንበብ ጎንበስ ካለ ልኩ ይበላሻል። ከዚያም በላይ፣ ማንም ሰው ስለ ገዛ ቦርጩ እውነት አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልብስ ሰፊ የራሱን ሲያሰፋ ወደ ሌላው ይሄዳል። የምላጩ ለኪ ሚሊሜትር ነው። ሚሊሜትር የተባለው አንዲት ሚሊሜትር በሳተ ስፌት ሙሉ ኮት ስለሚተረትር ነው። ምላጩ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሚሊሜትርን ኮሌታ «የአህያ ኮርቻ» ብሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት ሲለካኩ ብቻ ነው። የዚያ የካውያ ቀን እንኳ ሶኬቱን ነቅሎ ምንም ሳይናገር ነው የወጣው።

ምላጩ ኮሪደሩን አቋርጦ ገባ። ሚሊሜትር ከመነጽሩ በላይ አየው።

«እስቲ ተመልሰህ ውጣና እንደገና ግባ» አለው።

«ምነው፣ ሳላንኳኳ ገባሁ?»

«ዝም ብለህ ግባ።»

ወጥቶ ገባ። ሚሊሜትር ኮቱን አስወለቀው፣ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው፣ ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ዘረጋ፣ በመዳፉ አንዱን ከዚያ ሌላውን ዳሰሰ።

«ይህን ኮት የዛሬ ሁለት ዓመት የሰፋሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ ነው የምትለብሰው።»

«ሌላ መቼ ሰፋህልኝ?»

«ቀኝ እጅጌህን እየው። ጎን ጎኑ አልቆ ያብለጨልጫል። ሰው ሲሄድ እጁ ይወዛወዛል፣ ጎኑን ይፈትጋል፣ ጨርቅ ያልቃል። ግራህን ደግሞ እየው። ትናንት የተሰፋ ነው የሚመስለው። በግራ እጅህ ምን ይዘህ ነው የምትሄደው?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ግራ እጅህ አይወዛወዝም። አሁን ስትገባም አልተወዛወዘም። ግራ እግርህም ወለሉን እየጠረገ ነው የገባው፤ የጫማህን አፍንጫ ተመልከት።»

«የምለካው ለኮት ነው ወይስ ለሬሳ ሣጥን?» አለ ምላጩ። ሚሊሜትር ሜትሩን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ ግራው ሁለት ሳንቲሜትር ወርዷል። የእጅጌውን ልክ ለመውሰድ ክንዱን ይዞ ሲያጥፈው፣ ክንዱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ታጠፈ። ሚሊሜትር ሜትሩን አጥፎ አስቀመጠና «ተቀመጥ» አለው። ምላጩ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ልብስ ሰፊ መርፌው ላይ ክር ካስገባ በኋላ የክሩን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አንከባሎ ይቋጥራል። በቀን መቶ ጊዜ ያደርገዋል፤ ጣቱ ከእሱ ተለይቶ የሚያውቀው ሥራ ነው። ምላጩ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ቁጥር የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እየተሻሹ ይንከባለላሉ። በዚያ ኮሪደር አሥራ አንድ ጥንድ ዓይን አለ፤ ስፌት የሳተች አንዲት ክር ከበሩ ሆኖ የሚያይ ዓይን። አሥራ አንዱም ክር እየቋጠረ ነው ብለው አልፈውታል። ከአሥራ አንዱ አንዱ የራሱ የምላጩ ዓይን ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለው ሚሊሜትር።

«ምን አደርጋለሁ? ክር እየቋጠርኩ ነዋ።»

«ክሩ የታለ?»

ምላጩ ወደ ጣቶቹ አየ። ክር የለም። ጣቶቹ ግን ማንም ሳይጠራቸው ይቋጥራሉ፣ ይቋጥራሉ። እጁን ብድግ ሲያደርገው ቆመ። «ይኸው፣ ቆመ!» አለ። ጭኑ ላይ መልሶ ሲያሳርፈው እንደገና ጀመረ።

«ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነው» አለ ሚሊሜትር፣ መነጽሩን እየጠረገ። «መሳቅ ሲያቆም ኮራብን ብለን አራት ዓመት አኮረፍነው። እንዲያውም በገዛ እናታችን ቀብር አላለቀሰም ብለን ስሙን አጠፋነው። ለካ የከዳው ፊቱ ነው እንጂ ልቡስ እዚያው ነበር። ፓርኪንሰን ይባላል። ዛሬ መድኃኒቱን እየዋጠ እንደ ድሮው ይጨቃጨቀኛል።»

«ሐኪም ሆንክ ደግሞ! ኪስ ቀጥ አድርጎ መስፋት ያቃተው ሰውዬ...»

«ሐኪም አይደለሁም። ተሳስቼም ይሆናል። ጨርቅ ግን ሰው አያሞግስም፣ ሰው አያማም። ሐኪም ጋ ካልሄድክ ኮትህን አልሰፋውም።»

ምላጩ ሊሰድበው የሚገባውን ያህል ሰደበው፤ ግን ስድቡ በሹክሹክታ ስለወጣ ግማሹ ባከነ። ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ በሩን ዘጋ፣ የልብስ መሞከሪያው መስታወት ፊት ቆመ። ያንን ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ የመጣውን አልቃሻ ሆን ብሎ አስታወሰ። ሳቁ መጣ። ሆዱ ውስጥ ተሰማው፤ የድሮው ሳቁ ነው፣ አንድም ነገር አልጎደለውም። ከዚያ ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ዕዳሪ የረገጠ ሰው ፊት ነበረው።

ልጁ ያየችው ይህንን ነው። ያ ምስኪን ጥርስ ሠሪም ያየው ይህንን ነው። ሚስቱ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እራት የምትበላው ከዚህ ፊት ጋር ነው። ምላጩ ፈራ። በሕይወቱ ፈርቶ አያውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሚስቱን ይፈራል፤ እንዲህ ግን ፈርቶ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን አልክ?» አላለችውም።

ሐኪሟ ከልጁ የማትበልጥ ሴት ናት። ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀች፤ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ራሱን ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሽታ ከጠፋበት ስንት ጊዜው እንደሆነ። ምላጩ ሽታ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ደነገጠ፤ ያ የዳኛው ኮት ትዝ አለው። አራት ዓመት የተሸከመው ውርደት የበሽታው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ጥሩ ነው።»

«ለእሱ ጥሩ ነው!» አለች ሚስቱ። «በእንቅልፉ ሌባ ያባርራል፣ ይጮኻል፣ ይራገጣል። ሌባው እኔ ነኝ። ይኸው ቅልጥሜ።»

«ሆድዎስ፣ አባቴ? ድርቀት አለ?»

ምላጩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ልጄ፣ እጄን ላሳይሽ ብመጣ ወደ ጓሮ ዞርሽ?»

«አለበት» አለች ሚስቱ። «አራት አራት ቀን። ጋዜጣ ይዞ ይገባል፣ ዜናው አርጅቶ ይወጣል።»

ሐኪሟ እየሳቀች ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጭ፣ እንዲራመድ፣ እንዲዞር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ አደረገችው። «ሚስቴ ብዙ ታወራለች» ብሎ ጻፈ፤ «ሚስቴ» በትልቁ፣ «ታወራለች» በቅጫም። ክንዱን ስታጥፈው ያው ቀጭ ቀጭ አለ። በማሽን የሚነሣ የአንጎል ምስል ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማየት ታዘዘለት፤ በሳምንቱ ውጤቱን ይዘው ሲመለሱ ፓርኪንሰን ነው አለችው።

«በደም ነው ያወቅሽው?»

«የለም፤ ይህን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለንም። በማየትና በመዳሰስ ነው።»

«እንደ ልብስ ሰፊ» አለ ምላጩ።

«እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ» አለች። በሽታው እንደማይድን አልደበቀችውም። መድኃኒት ግን አለ፤ እጅና እግርን ያፍታታል፤ መንቀሳቀስ፣ በየቀኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ይረዳል። «ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሰው ይሳደቡ» አለችው። «እንደ ሕክምና ይቁጠሩት።» ምላጩ በዕድሜው ከሐኪም የሰማው ምርጥ ትእዛዝ ይህ ነው።

የቀረው ልጅቷ ናት። እሑድ ጠዋት ሳሎን አስቀምጦ ነገራት፤ አፍንጫውን፣ ጽሑፉን፣ ክር የሌለውን ቋጠሮ፣ ፊቱን። የልጅቷ ዓይን ግን ፊቱ ላይ ነው፣ እዚያ የማይገኝ ነገር እየፈለገች።

«ያን ዕለት» አለ ምላጩ፣ ሐኪሟ እንዳዘዘችው ድምፁን እየገፋ፣ «ጥርስ ትሠራለህ፣ ልብስ እሠራለሁ፣ ሰውየው የራሱ ምን ቀረው ያልኩት... ቀልድ ነበር እኮ ልጄ። ወድጄው ነው የሰደብኩት።»

ልጅቷ ነገሩን በልቧ ደገመችው። ጥርሱ የሰው፣ ልብሱ የሰው። ድንገት ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ። «አባዬ፣ ጥሩ ቀልድ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።» ከዚያ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና፣ ሃያ አምስት ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ መዳፏን ሆዱ ላይ ለጠፈች።

ሆዱ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ደነገጠች።

«ይሄም በሽታው ነው?»

«አይደለም» አለ ምላጩ። «ይሄ እኔ ነኝ።»

ሠርጉ በሦስተኛው ወር ሆነ። ሚሊሜትር ኮቱን በቀጠሮው ቀን አደረሰ፤ የወረደችው ትከሻ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ድጋፍ ገብቶባት ቀጥ ብላለች። ምላጩ ለብሶት መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ፤ መድኃኒቱ እግሩን አፍታትቶታል፣ ግራ እጁም ትንሽ መወዛወዝ ጀምሯል፤ ፊቱ ግን ገና ነው። እጁን ወደ ግራ ኪሱ ሰደደ። ኪሱ ከቀኙ ይልቅ ጠለቅ ተደርጎ ተሰፍቷል፤ እታች አንድ ክንድ የሚያህል ክር ተቀምጦለታል። ምላጩ ወደ ሚሊሜትር ዞረ። ማመስገን ስለማይችልበት «ኮሌታው አሁንም የአህያ ኮርቻ ነው» አለው። ሚሊሜትርም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትር ሳይዝ መለሰለት፤ «ለባሹን አይቼ ነው የሰፋሁት።»

ፎቶግራፍ አንሺው ቤተሰቡን ደረጃው ላይ ደረደረ። ሙሽራው ከግራ፣ ሙሽራዋ ከመሐል፣ ምላጩ ከቀኟ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሣ፣ አወረደ፤ እንደገና አነሣ፣ አወረደ።

«አባት፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ! የልጅዎ ሠርግ እኮ ነው፤ ቀብር አስመሰሉት!»

 ሙሽራው አንገቱን ከጎን ብቅ አድርጎ፣ «ካስፈለገ እኔ የምሠራለት ጥርስ አለ» አለ፤ ይህ ፈሪ ሰው ከአማቱ መሳደብ ለምዷል።

ምላጩ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን አላርገበገበም። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ክሩን ይቋጥራል። ፎቶ አንሺው ተስፋ ቆርጦ ካሜራውን ሊያወርድ ሲል፣ ሙሽራዋ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጇን በአባቷ ኮት ውስጥ አስገብታ ሆዱ ላይ ለጠፈች። ትንሽ ጠበቀች።

«መጣ!» አለች። «አንሳው! አሁን አንሳው፣ እየሳቀ ነው!»